የቁጥሩን ራስና ጅራት መያዝ

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ስላጠፋሁ ይቅር በለኝ። «ተጽፎ የማያልቅ ቁጥር በምን ይታወቃል?» ብለህ የጠየቅኸኝ ግን ከልቤ አልወጣም። መልሱ ይኸው።

ሉክ ዱራንት የተባለ ተመራማሪ ያገኘውና ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የተረጋገጠው ብቸኛ ቁጥር (ከ1ና ከራሱ በቀር ለሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል)፣ ከዚያ በፊት ከታወቁት ሁሉ ይበልጣል። መሠረቱ 2፣ አርቢው 136,279,841 ነው፤ ማለትም ይህን ያህል 2ዎች እርስ በርስ ይባዛሉ፤ ከዚያ አንድ ይቀነሳል። 41,024,320 አሃዝ አለው። በባለ 5 ሚሊ ሜትር ካሬ ደብተር፣ በአንድ ካሬ አንድ አሃዝ እየጻፍን በአንድ መስመር ብንዘረጋው 205 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከባሕር ዳር ተነስቶ በወረታ፣ በአዲስ ዘመን አድርጎ ጎንደርን ያልፋል።

አሃዞቹን ለመቁጠር አርቢውን በ2 ሎጋሪዝም አባዛው፤ ይኸውም 10 ሲነሣበት 2ን የሚሰጥ አርቢ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የለመድነውን 0.30103 ከወሰድክ 41,024,320.54 ይመጣና አንድ አሃዝ ትርፍ ትቆጥራለህ። 0.30103 ከእውነተኛው በኢምንት ይበልጣል፤ ያቺ ኢምንት በ136 ሚሊዮን ስትባዛ ከግማሽ በላይ ትሆናለች። 0.30102999566 ውሰድ፤ 41,024,319.945 ታገኛለህ። በሙሉው ላይ አንድ ጨምር፣ የአሃዙ ብዛት እሱ ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለውን ደግሞ አትጣለው! የ10 አርቢ 0.945 ሲሆን 8.81 ይሰጣል፤ ስለዚህ ቁጥሩ የሚጀምረው በ88 ነው።

ጅራቱ ይቀላል። የ2 አርቢ በ20 በጨመረ ቁጥር የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ይደገማሉ። አርቢያችን ለ20 ሲካፈል 1 ይተርፋል። «እንግዲያው 2 ሲቀነስ 1፣ መጨረሻው 01 ነው» እንዳትል፤ ዑደቱ የሚጀምረው ከ4 እንጂ ከ2 አይደለምና። አርቢው 21 ሲሆን 2,097,152 ነው፤ ከ52 አንድ ቀንስ፣ 51።

ብቸኛ መሆኑስ? በአካፋይ መፈለግ አይታሰብም። በሉካስና በሌመር ስም የሚጠራው ፈተና ግን ውብ ነው፤ በትንሹ በ127 ላሳይህ፣ አርቢው 7 ነው። ከ4 ጀምር፤ በራሱ አባዛ፣ 2 ቀንስ፣ ለ127 አካፍለህ ቀሪውን ያዝ። 4፣ 14፣ 67፣ 42፣ 111፣ 0። ከአርቢው 2 ያነሰ ጊዜ፣ ማለትም 5 ጊዜ ሠርተህ 0 ከመጣ ብቸኛ ነው፤ ካልመጣ አይደለም። አርቢው 11 ሲሆን በ9ኛው እርምጃ 1,736 ይመጣል፤ እውነትም 2,047 የ23 እና የ89 ብዜት ነው።

ቀሪውን በየእርምጃው ካልያዝክ የአሃዙ ብዛት በየጊዜው እጥፍ ይሆንና ማሽኑም ይሰጥማል። ማካፈልም አያስፈልግም። 67 በራሱ ተባዝቶ 2 ሲቀነስ 4,487 ነው፤ በውስጡ 35 ጊዜ 128 አለ፣ 7 ይተርፋል። 128 ለ127 ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ 35 እና 7 ደምር፣ 42። ኮምፒውተር ይህን የሚሠራው ቁጥሩን ሁለት ቦታ ቆርጦ በመደመር ብቻ ነው። ለትልቁ 136,279,839 እርምጃ ያስፈልጋል፤ በአንዷ ላይ አንዲት ቢት (ኮምፒውተሩ የሚይዛት 0 ወይም 1) ብትሳሳት ስህተቷ በሚቀጥሉት ሁሉ ትዛመታለች። ስለዚህ ነው ሌላ ማሽን ደግሞ የሚፈትሸው።

የመጨረሻዎቹን ሦስት አሃዞች ለአንተ ትቻለሁ። ዑደቱ 100 ነው፤ ወረቀትና እርሳስ ይበቃሃል። ያገኘኸውን ጻፍልኝ።

ወንድምህ