ፎቶው ላይ ያለው ዓሣ ባሕር አይቶ አያውቅም

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት ለቤት አኳሪየም ሲባል ከኮራል ሪፍ (ኮራል የሚባሉ ደቃቅ የባሕር እንስሳት ከገነቡት የድንጋይ ክምር) ስለሚታፈሱ ዓሦች ያወጣችሁትን ዘገባ አንብበነዋል። ጉዳዩ መነሳቱ ደግ ነው። የከነከነን ፎቶውና ከሥሩ ያለችው አንዲት መስመር ናት፤ ጎንደር ውስጥ በአንድ ካፌ የሚታዩት ዓሦች ከቀይ ባሕር ኮራል የተነጠቁ ናቸው ትላለች። ፎቶውን ጎላ አድርጎ ላየው ዓሣው ለሁለት የተከፈለ ረጅም ጅራትና ቦርጭ አለው፤ ከኋላው የላስቲክ ቅጠል፣ ከጎኑ አረፋ የሚተፋ ስፖንጅ ፊልተር ተተክሏል። ይህ ጎልድፊሽ ነው። ቻይናዎች ከ1,000 ዓመት በላይ በኩሬና በገንዳ ሲያራቡት የኖሩት፣ ጨው የሌለው ውኃ ዓሣ። ቀይ ባሕር ብትከቱት ውሎ አያድርም።

የፎቶ መግለጫ ስህተት ናት ብላችሁ እንዳታልፏት። ዘገባው ከወጣ ወዲህ ጎንደር ውስጥ ዓሣ የሚያኖርም የሚሸጥም ሁሉ የባሕር ወንበዴ ተደርጎ ነው የሚታየው። መርከባችንን አንገረብ ግድብ ላይ አቁመን በሌሊት ኮራል እየዘረፍን መሆን አለበት። ከመጻፋችሁ በፊት ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ አልጠየቃችሁም።

ብትጠይቁ ኖሮ የመጀመሪያው መልስ ጨው ነበር። የሪፍ ዓሣ ለማኖር ለ100 ሊትር ውኃ 3.5 ኪሎ ገደማ የአኳሪየም የባሕር ጨው ይበጠበጣል፤ በሃይድሮሜትር (በውኃ እፍግታ መለኪያ) ሲለካ 1.025 አካባቢ መድረስ አለበት። የወጥ ቤቱ የአፍዴራ ጨው አይተካውም፤ ኮራሉም ዓሣውም የሚፈልጉት ማግኒዚየም፣ ካልሲየምና ካርቦኔት በልኩ የሉበትም። ሁለተኛው መልስ ከፍታችን ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውኃ ዳርቻው ላይ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ እዚህ የሚይዘው 5 ያህል ነው። መብራት ሌሊቱን ጠፍቶ ባትሪ ያለው የአየር ፓምፕ ከሌለ ዓሣው ጠዋት ከላይ ተንሳፍፎ ይገኛል። ካፌው ይህን ሁሉ በአንዲት ስፖንጅ ፊልተር የተወጣው ከሆነ ዘገባችሁ ስለ እሱ ተአምር መሆን ነበረበት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ጨው በሌለው ውኃ የሚኖሩት የአኳሪየም ዓሦች አብዛኞቹ በእርባታ የተፈለፈሉ ናቸው። የባሕሩ ዓሣ ተቃራኒ ነው፤ አብዛኛው የሚያዘው ከሪፍ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ጥናት በዓመት ከ20 እስከ 24 ሚሊዮን የባሕር ዓሦች ለአኳሪየም እንደሚሸጡ ገምቷል። ዋነኞቹ ላኪዎች ፊሊፒንስና ኢንዶኔዥያ፣ ትልቋ ገዢ አሜሪካ ናት። እርባታው ያልተስፋፋው አብዛኞቹ የሪፍ ዓሦች ሲፈለፈሉ እጅግ ደቃቅ ስለሆኑና ለሳምንታት በክፍት ባሕር ስለሚንሳፈፉ ነው፤ አፋቸው የሚችለውን ምግብ ማቅረብ ያስቸግራል። የሎ ታንግ የሚባለው ቢጫ ዓሣ ሃዋይ ውስጥ በእርባታ ያደገው ገና እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። እንቁላሉን ድንጋይ ላይ የሚለጥፈው ክላውንፊሽ ግን ከተራባ ቆይቷል፤ የተራባውን እየመረጠ የሚገዛ ሰው ሪፉን አልነካም።

«በመርዝ ይያዛሉ» ብላችሁ በአንዲት ቃል ያለፋችሁት ቦታ ዋናው ጉዳት ያለበት ነው። ጠላቂው የሶዲየም ሳያናይድ እንክብል በባሕር ውኃ ይበጠብጥና በሚጨመቅ የላስቲክ ጠርሙስ ይይዛል። ዓሣው ኮራሉ መሐል ሲሸሸግ ወደ ስንጥቁ ይረጭበታል። ሳያናይድ ሕዋሳት በኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ስለሚያግድ ዓሣው ደንዝዞ በእጅ ይለቀማል፤ ስንጥቁ ውስጥ የቀረውን ለማውጣት ኮራሉ ይሰበራል። የተረጨበት ኮራል የሚመግቡትን ደቃቅ አልጌዎች ያጣና ይነጣል፤ ከተደጋገመበት ይሞታል። ዓሣው ግን ሲያገግም ቀለሙ ይመለስና ይሸጣል፤ ከጊዜ በኋላ ገዢው ቤት ምክንያቱ ሳይታወቅ ይሞታል። ገዢው ሌላ ይገዛል፣ ጠላቂው እንደገና ይወርዳል። ይህ ዘዴ ፊሊፒንስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው። በመረብ መያዝ ይቻላል፤ አጥር የሚመስል መረብ ተዘርግቶ ዓሣው ወደዚያ ይነዳል፣ በእጅ መረብ ይቀለባል። ከጥልቅ የተያዘው ቀስ እየተባለ ካልወጣ ግን የአየር ከረጢቱ ተነፍቶ ሆድ ዕቃውን ይገፋዋል።

ጉዞውም ይገድላል፤ መንገድ ላይ የሞተው ደግሞ ከሪፉ ይተካል። ዓሣው ከመጫኑ በፊት 1 ወይም 2 ቀን ይጾማል፤ ካልጾመ እዳሪው ውኃውን በአሞኒያ ይሞላዋል። ፌስታሉ ሲሶው ውኃ፣ ቀሪው ኦክስጅን ነው። ዓሣው በሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውኃው እየኮመጠጠ ይሄዳል፤ በኮምጣጣ ውኃ ውስጥ አሞኒያው ብዙም አይጎዳም። ፌስታሉ ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይበናል፣ ውኃው ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል፣ ያው አሞኒያ በደቂቃዎች ውስጥ መርዝ ይሆናል። ስለዚህ የመቀበያው ገንዳ ጨውነት አስቀድሞ ከፌስታሉ ጋር ይስተካከላል፤ ፌስታሉ ሳይከፈት ተንሳፍፎ ሙቀቱ ይመጣጠናል፤ ከተከፈተ በኋላ ዓሣው ወዲያው ይዛወራል። ብዙ ሰው ግን በአዘኔታ ከፍቶት ጠብታ በጠብታ እየጨመረ ሰዓት ያስቆጥራል፤ እያለማመደ መስሎት ይገድለዋል።

ደግሞ ሁሉም ዓሣ እኩል አይጎዳም። ባንጋይ ካርዲናል የሚባለው የኢንዶኔዥያ ዓሣ ወንዱ እንቁላሉን በአፉ ይዞ ያስፈለፍላል፤ ጫጩቶቹ በባሕር ሞገድ ርቀው ስለማይሄዱ ከአንድ ሪፍ ተጠርገው ከተያዙ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚተካቸው የለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ገብቷል። የሚያናድደው፣ ይህ ዓሣ በእርባታ በቀላሉ ከሚራቡት አንዱ ነው። በሌላ በኩል ሃዋይ እ.ኤ.አ. በ1999 ከምዕራብ ዳርቻዋ 35 በመቶ ገደማውን ለአኳሪየም አጥማጆች ዘግታ በተዘጉት ቦታዎች የሎ ታንግ ሲበዛ አይታለች። የባሕሩ ሙቀት መጨመር ለኮራል ከአኳሪየም ንግድ የከፋ ጠላት መሆኑንም ዘገባችሁ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊያነሳው ይችል ነበር። እናንተ ግን አህያውን ፈርታችሁ ዳውላውን መታችሁ፤ ሳያናይዱን ትታችሁ የካፌውን ጎልድፊሽ።

ስለ ዓሣ ጉዳት ከጎንደር መጻፍ ካማራችሁ ጣና ቅርብ ነው። ላቤኦባርበስ ከሚባለው የዓሣ ወገን 15 ያህል ዝርያዎች አሉበት፤ ከአንዱ በቀር በሌላ ሐይቅ አይገኙም። ከእነዚህ ከፊሉ በክረምት እንቁላል ለመጣል በመገጭ፣ በድርማ፣ በርብና በጉማራ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ፤ መረቡ የሚተከልባቸው ልክ በዚያ ወቅት፣ ልክ በወንዙ አፍ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ወንዝ የሚወጡት ብዛታቸው በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሷል። ኮራሉ ርቆ ሳለ ይህን ያህል ካስጨነቃችሁ፣ ለጎርጎራም አንድ ገጽ አይጠፋም።

እኛ ጎልድፊሽ አኗሪዎች የምንወቀስበትም አለን፤ ግን እናንተ የጻፋችሁት አይደለም። ከገንዳው አልፎ ያደገውን ዓሣ አዝኖለት ወንዝ ወይም ግድብ ውስጥ የሚለቅ ሰው አለ። ጎልድፊሽ ቀዝቃዛ ውኃ ይችላል፣ ጭቃ እየቆፈረ ውኃ ያደፈርሳል፣ የሌላውን ዓሣ እንቁላል ይበላል፣ ይራባል። አንገረብ ከተማው የሚጠጣው ውኃ ነው፤ መገጭ ደግሞ ጣና ይገባል። የተረፈውን ዓሣ ለሸጠላችሁ ሰው መልሱ ወይም ገንዳ ላለው ስጡ፤ የገንዳውን ውኃ ስትቀይሩም አትክልት ላይ ድፉት እንጂ ቦይ ውስጥ አትልቀቁት።

ከጎንደር፣ አንባቢያችሁ