ለ7ኛ እና 8ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ «ምኑን አይተህ ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የዛሬው ደብዳቤ ስለ ክፍያም ስለ ዩኒፎርምም አይደለም። ልጆቻችሁ ስለሚያነቡት ነገር ነው።

ሰሞኑን የ8ኛ ክፍል ልጆች ስለ አፄ ቴዎድሮስ እየተማሩ ነው። የአማርኛና የኅብረተሰብ ትምህርት መምህራኖቻችን ተመካክረው ግጥሙንና ታሪኩን አያይዘው እያስተማሩ ነው። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከገደሉ በኋላ የተገጠመውን ለቅሶ መቼም የማያውቀው የለም፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አላውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

መምህርቷ ልጆቹን «ስለ ግጥሙ ያሰባችሁትን ጻፉ» አሏቸው። ደብተሮቹን እኔም አየኋቸው። አብዛኞቹ «ግጥሙ በጣም ደስ ይላል፤ ጀግንነትን ያስተምረናል» ይላሉ። ለቅሶ እንዴት ነው ደስ የሚለው? ልጆቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም። መምህር ምን መስማት እንደሚወድ ገምተው ያንኑ ጽፈው ተገላገሉት።

አንዷ ልጅ ግን «የሴቱን አላውቅም የሚለው ማን ነው? ለምን አያውቅም? እቴጌ ጥሩወርቅ እዚያ አልነበሩም እንዴ?» ብላ ጻፈች። በማግስቱ ክፍለ ጊዜው በሙሉ በዚህ ጥያቄ አለቀ። እቴጌዋ በእርግጥ እዚያው ነበሩ። የእንግሊዝ ጦር ከልጃቸው ከልዑል ዓለማየሁ ጋር ይዟቸው ሲመለስ መንገድ ላይ አረፉ። ልዑሉ ያኔ ገና የ7 ዓመት ልጅ ነበር። እንግሊዝ አገር አድጎ በ18 ዓመቱ ሞተ፤ የተቀበረውም ዊንዘር ነው። ልጆቹ ይህን ከሰሙ በኋላ ግጥሙን እንደገና አነበቡት። አንዱ «ገጣሚው ሴቶቹን ረስቶ ሳይሆን፣ ከወንዶቹ ውስጥ ወንድ የሚባል እሳቸው ብቻ ነበሩ እያለ ነው» አለ። ልጅቷ «ቢሆንም ረስቷቸዋል» አለች። አልተስማሙም። ሁለቱም ግን ግጥሙን ጠቅሰው ነው የተከራከሩት። እኔ የምፈልገው ይህን ነው።

የታሪኩ ክርክር ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። «ቴዎድሮስ ጀግና ናቸው፣ አራት ነጥብ» የሚል ልጅ አለ። «ጨካኝ ናቸው» የሚልም አለ። ሁለቱም ከቤት ይዘውት የመጡት ነው፤ ሲናገሩ ያስታውቃል። መምህሩ ለማንም ሳይፈርድ «ምኑን አይተህ ነው?» ብቻ ይላል። ያኔ ደብተር መገለጥ ይጀምራል። አንዱ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ ማሠራታቸውን፣ ሴባስቶፖል የተባለውን ግዙፍ መድፍም በሰው ጉልበት አስጎትተው መቅደላ ማድረሳቸውን ያነሳል። ሌላው በመጨረሻዎቹ ቀናት ብዙ እስረኞችን ገደል ማስጨመራቸውን ያመጣል። ሌላዋ ለንግሥት ቪክቶሪያ በ1855 ዓ.ም. የጻፉት ደብዳቤ መልስ እጃቸው እስኪገባ ከሦስት ዓመት በላይ ማለፉን ታስታውሳለች። «እሱ ነው ያናደዳቸው» ትላለች። «ቢናደዱስ የእንግሊዙን ቆንስል ማሰር ነበረባቸው?» የሚል ይመጣል። ሁሉም እውነት ነው። የ13 ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ አንድ ላይ መያዝ አይከብደውም፤ እኛ ካላጣደፍነው።

እናንተን የምለምነውም እሱኑ ነው። ልጁ ማታ ደብተሩን ይዞ ሲመጣ «መልሱ ምንድን ነው?» አትበሉት። «ምኑን አይተህ ነው እንዲህ ያልከው?» በሉት። የራሳችሁን ሐሳብ አትደብቁ፤ ግን እሱ ከተናገረ በኋላ ይሁን። እናንተም ከየት እንደሰማችሁት ንገሩት። «አያቴ እንዲህ ይሉ ነበር» ማለት ጥሩ ምንጭ ነው። ልጁም ሲጽፍ «የአባቴ አያት እንዲህ ይሉ ነበር» ብሎ ይጻፈው እንጂ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር አያስመስለው። ማንበብ የማትችሉ ወይም ከሥራ አምሽታችሁ የምትገቡ ካላችሁ፣ ልጁ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። ማዳመጥ በቂ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ አትጻፉላቸው። ከቴሌግራም የተገለበጠና ስልክ የጻፈው ወዲያው ይታወቃል። «ከዚህ አንጻር በጥልቀት ስንመለከተው» ብሎ የሚጽፍ የ8ኛ ክፍል ልጅ እስካሁን አልገጠመኝም። ፊደል ይሳሳት፣ ዓረፍተ ነገሩ ይንሻፈፍ፤ እሱን እኛ እናርማለን።

«ሚኒስትሪ ደርሷል፤ ፈተናው ምርጫ ነው፤ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ያላችሁኝ ወላጆች አላችሁ። ስጋታችሁ ይገባኛል። አንብቦ መረዳት ላይ ነጥብ የሚጥለው ግን ብዙ ጊዜ ምንባቡን ሳይሆን ግምቱን የሚያምን ልጅ ነው። መልሱን ከምንባቡ ውስጥ መፈለግ የለመደ ልጅ ምርጫውም ላይ አይቸገርም።

የሚቀጥለው ሥራ የአንድ ገጽ ጽሑፍ ነው፤ አርብ ይሰበሰባል። አዲስ አበባ ውስጥ ስለሆንን፣ ከቻላችሁ እሁድ ቴዎድሮስ አደባባይ ውሰዷቸው። እዚያ የቆመው የሴባስቶፖል አምሳያ ነው። ሥሩ ቁሙና «ይህ ሐውልት የቱን ታሪክ ይነግረናል? የቱንስ ትቶታል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መሄድ ያልቻለ ልጅ ነጥብ አይቀነስበትም። 7ኛ ክፍሎች በዚህ ፈንታ ከቤተሰብ የሰሙትን አንድ ተረት ጽፈው፣ ከተረቱ ውስጥ ያልተስማሙበትን ነገር ከነምክንያቱ ያመጣሉ። «ጦጣዋ ትክክል አይደለችም» ማለት ይቻላል፤ ለምን እንደሆነ ከተረቱ ውስጥ ያሳዩን።

ቅዳሜ በወላጆች ስብሰባ ላይ ደብተሮቹን ክፍል ውስጥ ዘርግተን እንጠብቃችኋለን። ከውጤት ካርዱ በፊት እነሱን አንብቡ። ጥያቄ ያላችሁ በኮሙኒኬሽን ቡክ ላይ ጻፉልኝ፤ ቢሮዬም ክፍት ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር