የዣካ ታሪክ ከአንድ እሑድ በላይ ነው

የተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው ሰሞን በስፖርት ዓምዳችሁ ስለ ስዊዘርላንዳዊው አማካይ ስለ ግራኒት ዣካ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ተጫዋቹ በአርሰናል ሳለ በገዛ ክለቡ ደጋፊዎች ላይ ተቆጥቶ ማሊያውን አውልቆ የወጣበትን ቀን በሰፊው ከተረኩ በኋላ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሰንደርላንድ አምበልነቱ ተሻግረው፣ ሰውየው በመካከሉ ፈጽሞ ሌላ ሰው ሆኖ እንደተገኘ አድርገው ደምድመዋል። የዝውውር ዋጋው ተደጋግሞ ተጠቅሷል፤ ሜዳ ላይ የት ቆሞ ምን እንደሚሠራ የሚናገር ግን አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አላገኘሁም። እኔ በፍኖተ ሰላም የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ፤ ከትምህርት ሰዓት ውጪም ታዳጊዎችን አሰለጥናለሁ። ልጆቹ ጋዜጣውን ከእጄ ተቀብለው እየተዋዋሱ ስለሚያነቡት፣ የዚህ ተጫዋች ታሪክ መካከሉ ተዘልሎ እንዳይደርሳቸው ብዬ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ። የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዣካ በ1992 በባዝል ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከኮሶቮ የመጡ አልባንያውያን ናቸው፤ አባቱ ራጊፕ በቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ መንግሥትን ተቃውሞ ሰልፍ በመውጣቱ ከሦስት ዓመት በላይ ታስሮ፣ ከተፈታ በኋላ ነው ቤተሰቡ ወደ ስዊዘርላንድ የተሰደደው። ግራኒትና ታላቅ ወንድሙ ታውላንት በኮንኮርዲያ ባዝል ጀምረው ወደ ኤፍሲ ባዝል የታዳጊዎች ማሠልጠኛ ገቡ፤ በኋላም ታላቁ ለአልባንያ፣ ታናሹ ለተወለደባት ለስዊዘርላንድ ለመጫወት መረጡ። በ2016ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ሁለቱ ወንድማማቾች በፈረንሳይዋ ላንስ ከተማ ተቃራኒ ሆነው ሲሰለፉ፣ እናታቸው የሁለቱንም አገሮች ቀለም በአንድ ላይ ያጣመረ ማሊያ ለብሳ ተመልካቾች መካከል ተቀምጣ ነበር። ስዊዘርላንድ 1 ለ 0 አሸነፈች።

ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ይኸው ልጅ በአፍሪካ ምድር የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በ2009 ናይጄሪያ ባዘጋጀችው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ፣ ዣካ፣ ሐሪስ ሴፌሮቪችና ሪካርዶ ሮድሪጌዝ የነበሩበት የስዊዘርላንድ ቡድን አቡጃ ላይ አስተናጋጇን ናይጄሪያን በራሷ ሕዝብ ፊት 1 ለ 0 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። ሦስቱም የስደተኛ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ጽሑፋችሁ ይህን ሳይጠቅስ ማለፉ የሚያሳዝነኝ፣ ከሰንደርላንዱ አምበል ጀርባ ያለው ብስለት ከአሥራ ሰባት ዓመቱ በፊት በተጀመረ ሥልጠና የተገነባ መሆኑን አንባቢ እንዳያይ ስላደረገ ነው።

በባዝል ዋና ቡድን ሁለት የሊግ ዋንጫ ካነሣ በኋላ፣ በ2012 በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ወደ ጀርመኑ ቦሩሲያ ሞንቼንግላድባህ ተዛወረ። አሰልጣኙ የአገሩ ሰው ሉሲዬን ፋቭር ነበሩ፤ ይሁን እንጂ የአገር ልጅነት ቦታ አላስጠበቀለትም፣ በመጀመሪያው የውድድር ዘመን ከቋሚ ተሰላፊነት ወጥቶ ተቀያሪ ወንበር ላይ ከረመ። ብዙዎች የማያስታውሱት የመጀመሪያው ውድቀቱ ይህ ነው። በ2015 ግን የዚያው ክለብ አምበል ሆኗል። እንግዲህ «መውደቅና መነሣት» የሚባለው ነገር በለንደን የጀመረ አይደለም።

በ2016 ወደ አርሰናል ሲመጣ የተገዛው ከመሀል ሜዳ ኋላ ቆሞ በግራ እግሩ ረጅምና አጭር ኳስ እንዲያከፋፍል ነበር። ዣካ ፈጣን አይደለም፤ ፈጣን ሆኖም አያውቅም። ጥንካሬው ኳሱ ሳይደርሰው ቀጥሎ የት እንደሚልከው ማወቁ ነው። በዚያ ዘመን የነበረው አርሰናል ግን ኳስ ሲነጠቅ መሀሉ የሚከፈት ቡድን ስለነበር፣ ቀርፋፋው አማካይ ከፊቱ የሚያመልጡትን ፈጣን ተጫዋቾች እያሳደደ በመጨረሻ ሰዓት ተንሸራትቶ ለመግጨት ይገደድ ነበር፤ በአርሰናል ቆይታው 5 ጊዜ በቀይ ካርድ የወጣበት አንደኛው ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ሁለተኛው ምክንያት የራሱ ቁጡነት ነው፤ ይህን ልደብቅለት አልሞክርም።

ጥቅምት 27 ቀን 2019 እሑድ ነበር። አርሰናል በሜዳው ክሪስታል ፓላስን 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ ጨዋታው 2 ለ 2 በሆነበት ሰዓት፣ በአሰልጣኝ ኡናይ ኤምሬ አምበልነት ከተሰጠው ገና ሳምንታት ያስቆጠረው ዣካ ተቀይሮ እንዲወጣ ቁጥሩ ታየ። ደጋፊው መውጣቱን በደስታ ጮኾ ተቀበለ፤ ቀስ ብሎ ሲራመድም ጩኸቱ ወደ ፉጨትና ስድብ ተለወጠ። እሱም እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ መለሰላቸው፣ ክፉ ቃል ተናገራቸው፣ ማሊያውን አውልቆ ወደ መልበሻ ክፍል ገባ። በቀናት ውስጥ አምበልነቱን ተነጠቀ። አንድ አምበል ይህን ማድረግ አልነበረበትም፤ እኔም ከማሠለጥናቸው ልጆች አንዱ ቢያደርገው የአምበልነቱን ጨርቅ እቀማዋለሁ። ሆኖም ያንን እሑድ ለብቻው የሚተርክ ሰው፣ ዣካ በዚያው ሳምንት ባወጣው መግለጫ ከደጋፊዎች የሚደርሱትን መልእክቶች እንደዘረዘረ ጭምር መናገር ይገባዋል። ባለቤቱን ስለ መግደል፣ ገና ሕፃን ስለሆነች ልጁም በካንሰር እንድትያዝ የሚመኙ መልእክቶች ነበሩ። በእኛ አገር በልጅ መርገም ምን ያህል ነውር እንደሆነ ለጋዜጣው አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ እዚህ ፍኖተ ሰላም ባሉት ዲኤስቲቪ ቤቶችም በዚያ ክረምትና በጋ ስሙ ሲነሣ ምን ይባል እንደነበር የሰማ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያኔ አጥብቀው ያወገዙት ሰዎች ዛሬ ሲያሞግሱት ስሰማ ፈገግ እላለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው በጽሑፋችሁ የጠፋው። በታኅሣሥ 2019 ሚኬል አርቴታ አሰልጣኝ ሆኖ ሲመጣ፣ ዣካ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ በርሊኑ ኸርታ ለመሄድ ተዘጋጅቶ ነበር። አርቴታ እንዲቆይ አግባባው፤ ያግባባው ግን በቃል ብቻ አልነበረም። መጀመሪያ የግራ መስመር ተከላካዩ ወደ ፊት ሲወጣ ዣካ ወደ ኋላና ወደ ግራ ተስቦ ክፍተቱን እንዲሸፍን አደረገው፤ ከዚያ ቦታ ሆኖ መላው ሜዳ ከፊቱ ስለሚታየው ዞሮ መሮጥ አልተጠበቀበትም። በ2022-23 የውድድር ዘመን ደግሞ ነገሩን ገለበጠው። ቶማስ ፓርቴ ከኋላ ብቻውን ቆመ፣ ኦሌክሳንደር ዚንቼንኮ ከግራ ተከላካይነቱ ወደ መሀል እየገባ አጠገቡ ተሰለፈ፣ ዣካም ከሁለቱ ፊት ወደ ተቃራኒው የቅጣት ክልል እንዲጠጋ ነፃ ወጣ። በዚያ ዓመት በፕሪሚየር ሊጉ 7 ግቦች አስቆጠረ። በግንቦት 2023 የመጨረሻ ጨዋታው ላይ ዎልቭስን 5 ለ 0 ሲያሸንፉ ሁለቱ የእሱ ነበሩ፤ በ2019 የጮኸበት ያው ስታዲየም እንዲቆይ እየለመነ በስሙ ዘመረለት።

እንግዲህ በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ ምን ተለወጠ? እግሩ አልፈጠነም፣ ግራ እግሩም ያው ነው፣ ቁጣውም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልበረደም። የተለወጠው የሚቆምበት ቦታና ከአጠገቡ የሚቆሙት ሰዎች ናቸው። «ሌላ ሰው ሆነ» የሚለውን ድምዳሜ የምቃወመው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ስንል ሥራውን የሠራውን አሰልጣኝም፣ በየቀኑ አዲስ ቦታ እየተማረ የደከመውን ተጫዋችም ዋጋ እናሳጣለን፤ አንድ ልጅ ከዚያ የሚማረው ነገር ቢኖር ዕድል እስኪመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ብቻ ነው።

ዣካ ከአርሰናል ወጥቶ በሌቨርኩሰን የደረሰበት ደረጃ ደግሞ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚገባው ነው። በ2023 ክረምት እሱ ሲመጣ ባየር ሌቨርኩሰን የጀርመንን የሊግ ዋንጫ አንሥቶ የማያውቅ ክለብ ነበር፤ ሁለተኛ እየወጣ በመቅረቱ የሚቀለድበት ክለብም ነበር። አሰልጣኙ ዣቢ አሎንሶ፣ እሱ ራሱ በተጫዋችነት ዘመኑ ኳስ አከፋፋይ አማካይ የነበረ ሰው፣ ዣካን ከሦስቱ ተከላካዮች ፊት ከኤክሴኪዬል ፓላሲዮስ ወይም ከሮበርት አንድሪሽ ጋር አጣምሮ የቡድኑ ልብ ምት አደረገው። በሁለቱ መስመሮች የሚሮጡት ግሪማልዶና ፍሪምፖንግ፣ ከፊት ደግሞ ፍሎሪያን ቪርትስ ስለነበሩ፣ የእሱ ሥራ ኳሱን በጊዜውና በመጠኑ ማድረስ ብቻ ሆነ። ውጤቱ 34 ጨዋታ፣ 28 ድል፣ 6 አቻ፣ 90 ነጥብና አንድም ሽንፈት የሌለበት የሊግ ዘመን ነው። ሚያዝያ 14 ቀን 2024 ቬርደር ብሬመንን 5 ለ 0 ረትተው ዋንጫውን ሲያረጋግጡ አንዷን ግብ ከርቀት መትቶ ያስቆጠረው ዣካ ነበር። በሁሉም ውድድሮች 51 ጨዋታ ሳይሸነፉ ከሄዱ በኋላ ደብሊን ላይ በዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ በአታላንታ 3 ለ 0 ተሸነፉ፤ ከሦስት ቀን በኋላ በርሊን ላይ በጀርመን ዋንጫ ፍጻሜ ካይዘርስላውተርንን 1 ለ 0 ሲያሸንፉ የብቸኛዋ ግብ ባለቤት አሁንም እሱ ነው።

በብሔራዊ ቡድንም ከስቴፋን ሊክትስታይነር በኋላ አምበልነቱን ተረክቦ፣ በ2023 የሃይንዝ ኸርማንን 118 ጨዋታ አልፎ ለአገሩ ብዙ ጊዜ የተሰለፈ ስዊዘርላንዳዊ ሆኗል። በ2021 ቡካሬስት ላይ የዓለም ሻምፒዮኗ ፈረንሳይ 3 ለ 1 ስትመራ፣ ቡድኑን አረጋግቶ 3 ለ 3 ያደረሰውና በመለያ ምት እንዲያልፍ የመራው እሱ ነበር፤ ይህን ጨዋታ የተመለከተ ሰው አማካይ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በ2018 የዓለም ዋንጫ ሰርቢያ ላይ ግብ ካገባ በኋላ የአልባንያን ባለ ሁለት ራስ ንስር በእጁ ሠርቶ በማሳየቱ 10,000 የስዊዝ ፍራንክ መቀጣቱም እውነት ነው። የአባቱን ታሪክ ለሚያውቅ ስሜቱ ይገባል፤ ቅጣቱም ተገቢ ነበር።

በ2025 ክረምት ሰንደርላንድ ከስምንት ዓመት በኋላ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሲመለስ፣ አሰልጣኙ ሬጂስ ለ ብሪ ወጣት ለበዛበት ቡድናቸው አምበል ያደረጉት ይህን ሁሉ ያሳለፈውን ሰው ነው። ዝም ብሎ የመጣ ሹመት አይደለም።

የተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣ ይህን ያህል ያረዘምኩት ለዣካ ጥብቅና ለመቆም ብዬ አይደለም፤ እሱ ጠበቃ አያሻውም። እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ምዕራብ ጎጃም፣ ከቡሬ እስከ ደምበጫ ባሉት ሜዳዎች፣ ቡድን ስንመሠርት ሁሉም ልጅ ከፊት ለመሰለፍ መሻቱ ነው። መሀል ላይ ቆሞ ኳስ የሚያከፋፍል ልጅ «አይሮጥም» ተብሎ በተመልካች ይሰደባል፣ አባቱም «ለምን ግብ አታገባም» ይለዋል፤ እንዲህ ሆነው ጥሩ አማካይ ሊወጣቸው የሚችሉ ልጆች ቦታቸውን ይለቃሉ። ልጆቹ የሚያነቡት ጽሑፍም ስለ ዋጋ፣ ስለ ግብና ስለ ጠብ ብቻ ሲሆን ይህንኑ ያጸናባቸዋል።

ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ስለ አንድ ተጫዋች ስትጽፉ የሚሰለፍበትን ቦታ፣ አሰልጣኙ በዚያ ቦታ ምን እንዲሠራ እንዳዘዘው፣ ከማን ጋር ተጣምሮ እንደሚጫወት አብራችሁ ጻፉልን። ከአውሮፓም አልፋችሁ በአገራችን ፕሪሚየር ሊግ ከሚጫወቱት አማካዮች አንዱን በየሳምንቱ በዚሁ መንገድ ብታስተዋውቁን፣ ከቅርባችን ከባህር ዳር ከተማ ብትጀምሩልን እመርጣለሁ፤ ያ ቡድን ሲጫወት ባህር ዳር ስታዲየም ሄደው ለማየት የሚችሉ ልጆች አሉኝና፣ ያነበቡትን በዓይናቸው አይተው ሊያመሳክሩ ይችላሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰውነት ማጎልመሻ መምህር
ፍኖተ ሰላም፣ ምዕራብ ጎጃም