የቴክኖሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የመኪናዋ ቁመት ጉዳይ

ክበባችን ዘንድሮም ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ሲሰበሰብ ከርሟል። የብየዳ ልምምዱ ደህና ሄዷል፤ የደወሉም ጥገና ተሳክቷል፤ ድምፁን በየቀኑ ስለምትሰሙት አላብራራውም። የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ የበላችው አንዲት መኪና ናት።

መኪናዋ ድንጋይ ለመውጣት የተሠራች፣ በሪሞት የምትነዳ አክሲያል ኤስሲኤክስ10 ናት፤ የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ። አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ከአሜሪካ ሲመጣ ይዞልን መጣ። መለማመጃችን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ የተከመረው ድንጋይ ነው። ገና ከሳጥኗ ስትወጣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ያሉት ከፍ ትበል ነው። አልፈርድባቸውም፤ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ላንድክሩዘር ሲያልፍ አንገቱን የማያዞር የለም። አሞርዛተሩ (ሞላ የተጠመጠመበት ንዝረት ማብረጃ) ላይ ያለውን የሞላ መወጠሪያ ቀለበት እስከ መጨረሻው አዞሩት፤ ሆዷ ከመሬት 75 ሚሊ ሜትር ራቀ። አማረባት። የመጀመሪያው ጋደም ያለ ድንጋይ ላይ ስትደርስም ተገለበጠች።

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነገሩን ወደ ሰሌዳ አመጣችው። ከመኪናዋ መሀል እስከ ጎማው የውጭ ጠርዝ 11 ሴንቲ ሜትር ነው። የክብደት ማዕከሏ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ ወደ ጎን 48 ዲግሪ ገደማ ስታዘነብል ትወድቃለች፤ ማዕከሉ ወደ 9 ቢወርድ 51 ገደማ ድረስ ትችላለች። ሳንቃ ላይ አቁመን በፕሮትራክተር ስንለካት ግን ከስሌቱ ቀድማ ወደቀች። ጎንበስ ብለን ስናይ በቁልቁለቱ በኩል ያለው ሞላ ይታመቃል፤ አካሏ ወደዚያው ይጋደማል፤ ማዕከሉም አብሮ ይሸሻል። ስሌቱ መኪናዋን የቆጠራት እንደ ድርቅ ያለ ሳጥን ነበር።

ቀለበቱን ማጥበቅ ሞላውን ያጠነክረዋል የሚሉም ነበሩ። አያጠነክረውም። ሞላውን ነቅለን በየተራ ክብደት ጫንበት፤ በተጨመረው እኩል ክብደት ልክ እኩል ያጥር ነበር፤ በፊዚክስ የምንማረው የሁክ ሕግ ይኸው ነው። ቀለበቱ የሚለውጠው መኪናዋ የምትቆምበትን ከፍታ ነው። ጥንካሬ የፈለገ ሌላ ሞላ ይግዛ።

ጨርሶ ማውረድም አያዋጣም፤ ሆዷ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጎማዎቿ በባዶ ይሽከረከራሉ። የተስማማነው ባትሪዋንና አካሏን ይዛ ስትቆም አሞርዛተሩ ተዘርግቶ ከሚያልቅበት ታምቆ እስከሚያልቅበት ካለው ርቀት ሲሶውን ያህል ታምቆ እንዲቆይ ነው። ያ ሲሶ ጎማው ወደ ጉድጓድ የሚወርድበት ነው። ቀድሞውኑ ተዘርግቶ ባለቀ አሞርዛተር ላይ ጎማው መሬት ፍለጋ የሚሄድበት ቦታ የለውም። ሆዷ 62 ሚሊ ሜትር ላይ አረፈ። ባትሪውንም ከላይ አንሥተን ወደ ፊትና ወደ ታች አዛወርነው፤ በእኔ ግምት ከቀለበቱ ይልቅ የጠቀመን ይህ ነው። አንዱ ተማሪ ግን «መምህር፣ ታክሲ አስመሰልናት እኮ!» ብሎ አኩርፏል።

አለካኩ ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። መኪናዋን ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ታች ጫን አድርጎ መልቀቅ፣ ጥቂት ወደ ፊት አንከባልሎ ማቆም፣ ከዚያ መለካት፤ አለዚያ ጎማው መሬቱን ቆንጥጦ ስለሚይዝ ማስመሪያው በየጊዜው የተለያየ ቁጥር ያነባል። ግራና ቀኙን ለማመጣጠን ከኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ሚዛን ተዋስን። ያለው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ አንዱ ጎማ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ በቀሩት ሦስቱ ሥር የሚዛኑን ውፍረት ያህል ሳንቃ ማንጠፍ ነበረብን። ሳንቃዎቹን በብርጭቆ ወረቀት እየፋቁ ያስተካከሉት ሁለት የ9ኛ ክፍል ልጆች በዓመቱ ከሁሉ የጠራውን ሥራ ሠርተዋል፤ ማንም አላጨበጨበላቸውም፤ እኔ እዚህ ላይ አጨብጭቤያለሁ።

ዳገት ላይ ስትታገል ከሞተሩ የሚመጣው ጠምዛዥ ኃይል የፊት አንዱን ጎማ ማንሣቱ ገና አልተፈታም፤ ለመጪው ዓመት ተላልፏል። ምዝገባ በመስከረም ነው። ትንሹን ባለ መስቀል ካቻቢቴ የወሰደ ተማሪ ከዚያ በፊት ይመልስልን።