የሥነ ጥበብ ክበብ፦ ከሰል ይዘን የከረምንበት ዓመት

የሥነ ጥበብ ክበባችን ዘንድሮ አንድ ጥያቄ ይዞ ከረመ። የሰውን ስቃይ ለማሳየት ሰዓሊ የሰውን አካል ለምን ያዛባል?

ጥያቄው የተነሣው የኖርዌዩን ኤድቫርድ ሙንክ «ጩኸት» ስናይ ነው። ባለቀለሙን የ1893 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ትቼ በ1895 በድንጋይ ሕትመት የወጣውን ጥቁርና ነጭ ለተማሪዎቼ መረጥኩላቸው። ቀለሙ ሲቀር መስመሩ ጎልቶ ይወጣል። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ይሄ ሰው ፀጉርም አጥንትም የለውም እንዴ?» አለች። ዋናውን ነገር አገኘችው። ሰውየው ከሰማዩ ጋር አብሮ ይጥመለመላል። ድልድዩ ግን ቀጥ ያለ ነው። ከኋላ ያሉት ሁለት ሰዎችም ምንም አልሆኑም። ሕመሙ ያጣመመው እሱን ብቻ ነው። ሙንክ እናቱን በአምስት ዓመቱ፣ እህቱን ሶፊን ደግሞ በ1877 በሳንባ ነቀርሳ አጥቷል።

ከሁሉ በላይ የቆየነው ግን ፈረንሳዊው ኦዲሎን ሬዶን ላይ ነው። ሬዶን ለብዙ ዓመታት በጥቁር ብቻ ሠርቷል። በ1881 በከሰል የሳለው «የሚያለቅሰው ሸረሪት» የሰው ፊት አለው፤ እንባ ያፈሳል። ልጆቹ መጀመሪያ «ጭራቅ ነው» አሉ። ፊቱን ደግመው ሲያዩት ዝም አሉ። ፊቱ አልተዛባም፤ ያዘነ የሰው ፊት ነው። የተወሰደበት አካሉ ነው። እግር ሞልቶታል፣ እንባውን የሚጠርግበት እጅ ግን የለውም። እኔን ከ«ጩኸት» ይበልጥ የሚነካኝ ይሄኛው ነው።

ከአገራችን የገብረ ክርስቶስ ደስታን «ጎልጎታ» (1963 እ.ኤ.አ.) አየን። እሱ ጀርመን አገር ተምሮ በኤክስፕሬሽኒዝም (የውስጥ ስሜትን ለማሳየት የነገሮችን መልክ በሚያዛባው የአሣሣል ስልት) መንገድ የሄደ ሰዓሊ ነው። ጥያቄው ግን ያው የእኛ ጥያቄ ነው።

ከዚያ ወደ ሥራ ገባን። ከምድጃ የመጣው ከሰል ወረቀት እየቧጨረ አስቸገረን፤ ለስላሳውን መርጠን ተጠቀምን። ከሰሉ እንዳይረግፍም የፀጉር ስፕሬይ ነፋንበት። ሕጋችን አንድ ነበር፦ መጀመሪያ ጓደኛህን አስቀምጠህ በትክክል ሳል፤ ቀጥሎ አንድ ቦታ ብቻ አዛባ፤ ለምን እንደሆነም ተናገር። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ትልቅ አፍና ደም ሳለ። አፍ መክፈት ቀላል ነው። «ሕመሙ የተቀመጠው የት ነው?» እያልን ስንነጋገር ሥዕሎቹ ተለወጡ።

አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ልጇ ዓረብ አገር የሄደችባትን ጎረቤታቸውን ሳለ። ስልክ ትጠብቃለች። ጆሮዋ ከፊቷ ይበልጣል። አፍ አልሳለላትም። በወላጆች ቀን ኤግዚቢሽናችን ላይ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የቆመው እዚያ ሥዕል ፊት ነበር። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ለልጆች ይሄ አይከብድም ወይ?» ብለውኛል። ልጆቹ ሐዘኑን ከእኛ ጋር በየቤታቸው እየኖሩት ነው። ክበቡ የሰጣቸው ወረቀትና ከሰል ነው።

ሬዶን ከ1890ዎቹ ጀምሮ ጥቁሩን እየተወ ወደ ፓስቴል (ጠመኔ መሰል የሥዕል ቀለም) እና ወደ አበባ ዞሯል። ለመጪው ዓመት የያዝነው ያንን ዘመኑን ነው። ምዝገባ መስከረም ላይ ይጀመራል፤ መሳል የማይችልም ይምጣ።