ራቪች እና የባቡሩ ብድር

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ሪቻርድ ራቪች ሲነሱ ከባንክ ወደ ትራንስፖርት እንደመጡ የሚያወሩ አሉ፤ ቅደም ተከተሉ ግን ሌላ ነው። ዬል ሕግ ተምረው፣ በቤተሰባቸው የግንባታ ድርጅት ሠርተው፣ በ1979 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክን ምድር ባቡርና አውቶቡስ የሚያስተዳድረውን ባለሥልጣን በሊቀ መንበርነት ተረከቡ። የባውሪ ቁጠባ ባንክን የመሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ብዙዎች የሚያስታውሷቸው በ1980ው የ11 ቀን አድማ ነው። ትልቁ ሥራቸው ግን ብድሩ ነው። ባቡሮቹ የሚበላሹት ጥገናው ለዓመታት ስለተዘለለ ነበር፤ የዓመት በጀት ደግሞ ደመወዝና ነዳጅ ከፍሎ ፉርጎ አይገዛም። በ1981 በወጣ ሕግ የወደፊቱን የትኬት ገቢ አስይዞ ቦንድ መሸጥ ተፈቀደ፤ የአምስት ዓመት የግንባታ ዕቅድም ተጀመረ። በ1982 ለካናዳው ባቡር አምራች ቦምባርዲዬ 825 ፉርጎዎች ሲታዘዙ፣ የካናዳ መንግሥት የወጪ ንግድ ብድር በ9.7 በመቶ ወለድ ቀረበ፤ በጊዜው ከገበያው በብዙ ያነሰ ነው። ተፎካካሪው የአሜሪካ ፋብሪካ ባድ አቤት ማለቱ አይገርምም።

ጣጣው ያለው እዚህ ነው፦ ቦንድ ገዢው ከሠራተኛው ደመወዝ በፊት ይከፈለዋል። ዕዳው በከበደ ቁጥር የሚጎዳው የዕለት አገልግሎቱ ነው። ለዚህም ይመስለኛል ራቪች በ2008 የመሩት ኮሚሽን ለትራንስፖርቱ የሚውል የደመወዝ ግብር በአሠሪዎች ላይ እንዲጣል ሐሳብ ያቀረበው። በ2009 ሲጸድቅ በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉ 7 አውራጃዎች ከ100 ዶላር ደመወዝ 34 ሳንቲም ሆነ። የከተማ ዳር አሠሪዎች በጣም ተቆጥተው ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ