ለዛጉ የፖስታ ሳጥኖችም አንድ ገጽ ስጡን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። ከቨርጂኒያ የምጽፍ የቆየሁ አንባቢያችሁ ነኝ። የፎቶ ገጻችሁ አያመልጠኝም፣ አንዳንዴ ግን ያናድደኛል። ላሊበላ፣ ፋሲል ግንብ፣ ደመራ፣ እንደገና ላሊበላ። ውጭ አገር ካለነው የምታወጡት ደግሞ ኋይት ሐውስ ፊት ቆሞ ፈገግ ያለ ሰው ነው፣ ካልሆነ የኒውዮርክ ፎቅ። ቆንጆ ናቸው፣ አልጣላም። ግን ይሄንንማ ስንት ሰው አንስቶታል! እኔ የምለምናችሁ ማንም ዞር ብሎ ለማያየው ነገር ቦታ እንድትሰጡ ነው። እኔ የመረጥኩት የፖስታ ሳጥን ነው። አዎ፣ ያረጀ፣ የዛገ፣ የተጣመመ የፖስታ ሳጥን። ባለቤቴ ስቃብኝ ስቃብኝ ሰልችቷታል፣ እናንተም ሳቁና ከዚያ አንብቡልኝ።

እዚህ ከከተማ ወጣ ሲሉ ቤቱ ከመንገድ ራቅ ይላል፣ ሳጥኑ ግን መንገድ ዳር ተተክሏል። ፖስተኛው ከመኪናው ሳይወርድ እጁን ዘርግቶ ደብዳቤውን ይከታል። ለዚህ ሲባል የብዙዎቹ መኪና መሪ በቀኝ በኩል ነው፣ ሳጥኑም ከመንገዱ ወለል ከ41 እስከ 45 ኢንች ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ ታዟል። አንድ ሜትር ከትንሽ ማለት ነው። ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ይቺ ልክ ትጠቅማለች። ቆማችሁ ካነሳችሁት ከላይ ወደ ታች ስለምታዩት ሳጥኑ ሚጢጢ ይሆናል። በርከክ በሉና ካሜራውን ከበሩ ጋር አስተካክሉት፣ ያን ጊዜ ፊት ለፊት ያያችኋል።

ገጠር ድረስ ፖስታ ማድረስ እዚህ አገር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ቻርልስ ታውንና አካባቢዋ። ከዲሲ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቢነዱ ይደረሳል። ከዚያ በፊት ገበሬው ደብዳቤውን ለመውሰድ ራሱ ፖስታ ቤት መሄድ ነበረበት። ፖስታው ደጅህ ድረስ ይመጣልሃል ሲባል ሰው ያገኘውን ሰቀለ፤ የሞራ ባልዲ፣ የሽሮፕ ቆርቆሮ፣ የሳሙና ሳጥን። እ.ኤ.አ. በ1915 ሮይ ጆሮልማን የሚባል የፖስታ ቤት መሐንዲስ ዛሬ ሁላችንም ከፊልም የምናውቀውን ነደፈ፤ ታቹ ጠፍጣፋ፣ ጀርባው የጎበጠ፣ ጎኑ ላይ ቀይ ባንዲራ ያለው። ባንዲራዋን የሚያነሳት ባለቤቱ ነው፣ የምልከው ደብዳቤ አለ፣ ውሰድልኝ ለማለት። ገና የመጣ አበሻ ግን ባንዲራዋ ቆማ ካየ ደብዳቤ መጣልኝ ብሎ ይሮጣል።

ሳጥኑ ሕግ ይኑረው እንጂ ምሰሶው ላይ ሰው የልቡን ይሠራል። የሚገዛውም የሚተክለውም ባለቤቱ ስለሆነ ጉዱን የሚያወጣው እዚያ ላይ ነው። ወፍራም ሰንሰለት በይዶ እባብ አስመስሎ ያቆመ አለ። የድሮ ማረሻ፣ የወተት ቢዶን፣ የትራክተር ጎማ ላይ ያሰረ አለ። ክዳኑ ሲከፈት አፉን የሚከፍት ዓሣ አለ። የራሱን ቤት አሳንሶ ከነጣሪያው የሠራም አለ። ከዋናው ሳጥን በላይ፣ እጅ በማይደርስበት ረጅም ምሰሶ ላይ ሌላ ሳጥን ሰቅሎ «የአየር ፖስታ» ብሎ የሚጽፍ ቀልደኛም በየገጠሩ አይጠፋም።

እኔን የሚይዙኝ ግን የዛጉት ናቸው። ቀለሙ ተቀርፎ ከሥሩ ሌላ ቀለም፣ ከዚያም ሥር ሌላ ቀለም የሚታይባቸው። ባንዲራዋ ወድቃ በቦታዋ የጣውላ ቁራጭ በሚስማር የተመታላቸው። ክዳኑ አልዘጋ ብሎ በላስቲክ የታሰረ፣ ውስጡ ተርብ የሰፈረበት፣ ቁጥሩ በግማሽ ተነቅሎ በቀለም የተጻፈበት። በረዶ የሚጠርገው መኪና በየክረምቱ ገፍቶ ገፍቶ ያዘመመው። እነዚህን ጠዋት ወይም ወደ ማታ አንሷቸው፣ ፀሐይ ከጎን ስትመታቸው እያንዳንዷ ጉድፍ ጥላ ይኖራታል። እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮው ያንጸባርቅና ዝገቱ ይጠፋል። ፕላስቲኩን ግን ተዉት፤ አይዝግም፣ ዝም ብሎ ይነጣል።

ደግሞ እየጠፉ ነው። አዳዲስ መንደሮች ውስጥ የሁሉም ቤት ሳጥን አንድ ላይ ተደርድሮ ብረት ቁምሳጥን ሆኗል። በዚያ ላይ ፖስታ ቤቱ ራሱ ጠንካራ ምሰሶ አትትከሉ ይላል። ኮንክሪት የተሞላ የወተት ቢዶን ወይም የእርሻ ብረት ላይ መኪና ቢወጣ ሰው ይሞታል፣ ስለዚህ ሲገጩት የሚወድቅ ቀለል ያለ እንጨት ይሻላል ነው ነገሩ። እውነታቸውን ነው፣ አልከራከርም። ለዚህ ነው ሳይነሱ በፊት ፎቶ ይነሱ የምለው።

አንዴ ማረሻ ላይ የተበየደ ሳጥን ሳነሳ አንድ ሽማግሌ ከቤቱ ወጥቶ ወደኔ መጣ። ፊቱ ጥሩ አልነበረም። ያነሳሁትን አሳየሁት። አባቱ እንደበየደው ነገረኝ፣ ከዚያ ማቆሚያ አጣ፤ ስለ በረዶ ጠራጊው፣ ስለሸጣቸው ላሞች፣ ከተማ ስለገቡት ልጆቹ። እውነቱን እንነጋገርና፣ ጥቁር ሰው በገጠር መንገድ ላይ የሰው ፖስታ ሳጥን ሥር ሲንበረከክ ሌባ የሚመስለው ሰው አለ። የፖስታ ሌብነት ደግሞ እዚህ የፌዴራል ወንጀል ነው። ሳጥን መስበርም እስከ 3 ዓመት ያሳስራል። ስለዚህ አትንኩት፣ አትክፈቱት፣ ባንዲራዋን ለፎቶ ብላችሁ አታንሱ። ግቢ ውስጥ አትግቡ። ሰው ካያችሁ መጀመሪያ እጃችሁን አውለብልቡ፣ ሰላም በሉ።

አገር ቤት ያላችሁትስ? እኛ ጋ ደብዳቤ በአብዛኛው ደጅ ድረስ አይመጣም፣ ሳጥኑ ያለው ፖስታ ቤት ነው። ምኒልክ ፖስታን ካቋቋሙበት ከ1886 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ነገር አልፏል! የሰፈር ሰው ሁሉ በአንድ የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ሳጥን ደብዳቤ ይቀበል ነበር፣ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ደግሞ እንደ ባለሥልጣን ይከበር ነበር። ቴምብሮቹስ አዲስ አበባ ውስጥ ሙዚየም አላቸው። ቁጥር የተለጠፈባቸውን ትናንሽ የብረት በሮች፣ የቁልፍ ቀዳዳቸው በስንት እጅ የተላጠውን፣ እናንተ ጋዜጣ ላይ አይቼ አላውቅም። ከየክፍለ ሀገሩ ያላችሁ አንሱና ላኩ። ጥበቃውን ግን አስቀድማችሁ አናግሩ፣ በሞባይል ነው ብላችሁ ዝም ብላችሁ እንዳታነሱ።

አዘጋጆች፣ በወር አንድ ገጽ ይበቃናል። ሳጥን ብቻ ይሁን አላልኩም፤ የሱቅ መስኮት፣ የድሮ የስልክ ሳጥን፣ የቀበሌ ቤት በር፣ ሰው በየቀኑ እየነካካ ያስረጀው ነገር ሁሉ ይግባ። የኔን ጥቂቶች ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። የቤት ቁጥሮቹንና ስሞቹን ሸፍኛለሁ፣ ሌሎች የሚልኩላችሁንም እባካችሁ ሳትሸፍኑ አታውጡ። ቀለማቸውን ደግሞ አታሳምሩብኝ።

አክባሪያችሁ፣
ከቨርጂኒያ